የኩኪስ ሊጥ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል ወይ?

እህቴ፣ የኩኪስ ሊጥ ቀድሜ አቡክቼ ፍሪዘር ባስገባው ይበላሻል ወይ ላልሽው፣ አይበላሽም። እስከ 3 ወር ደህና ይቆያል። ግን ሊጡን በጅምላ ጠቅልለሽ እንዳታስገቢው፣ በኋላ ድንጋይ ይሆንብሻል። እኔ በማንኪያ እየቆነጠርኩ፣ እያድቦለቦልኩ ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድሬ ፍሪዘር አስገባዋለሁ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ጠንከር ሲል ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምሬ አየሩን በደንብ አስወጥቼ እዘጋዋለሁ፣ ምክንያቱም የገበታ ቅቤ የሌላ ምግብ ሽታ ቶሎ ይስባል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ኩኪስ ደግሞ ማንም አይበላልሽም። ቀኑን ጻፊበት። ስትጋግሪ ማቅለጥ አያስፈልግም፤ እንደቀዘቀዘ 180 ዲግሪ ላይ አስገቢውና ከወትሮው 2 ደቂቃ ያህል ጨምሪለት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠብሽ መልሰሽ አታቀዝቅዢው፣ እንቁላል አለበት። ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ወዲያው ጋግሪው፣ ሞቆ ሰዓታት ከቆየ ግን ጣይው።