«እዚህ አማርኛ አልሰማም» ስትባዪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። በቀደም ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ምሳ እየበላን በአማርኛ ስንጫወት አንዷ ባልደረባችን «ይሄ አሜሪካ ነው፣ እንግሊዝኛ አውሩ» አለችን። በነጋታው ደግሞ አለቃችን ጠርታ «ከአሁን በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ አልሰማም» አለች። ጓደኛዬ «ተይው፣ አገራቸው ነው፣ እንጀራችንን እንዳናጣ» ትለኛለች። እኔ ግን አንጀቴ አርሯል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢያርርሽ አይፈረድብሽም። ግን ሁለቱን ሴቶች አትደባልቂያቸው።

የባልደረባሽ ነገር ያበግናል እንጂ ትእዛዝ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ «እኔን እያሙኝ ነው» ብሎ ጠርጥሮ ነው (እውነቱን ካወራን፣ አንዳንዴም እናማለን)። «ስለ ልጄ ትምህርት ቤት እያወራን ነው፣ የፈለግሽው ነገር አለ?» በያትና ወደ ጨዋታሽ ተመለሺ። ይቅርታ አትጠይቂ። ስንት ዓመት እንደኖርሽ፣ ግብር እንደምትከፍዪም አትዘርዝሪላት፤ እሷ ፈቃድ ሰጪ አይደለችም።

የአለቃሽ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት በሥራ ላይ ማዳላትን ይከለክላል። ጉዳዩን የሚከታተለው የፌዴራል ኮሚሽን፣ ኢኢኦሲ የሚሉት፣ በደንቡ ላይ ሠራተኛ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ ይናገር የሚል ትእዛዝን እንደ አድልዎ ነው የሚያየው። አሠሪ እንግሊዝኛ ብቻ ማለት የሚችለው ሥራው ግድ ሲል ነው። ለምሳሌ አንዲት አሮጊት እናትን ለሁለት ደግፋችሁ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ስታዛውሩ፣ በላይዋ ላይ በማታውቀው ቋንቋ ብታወሩ ትደነግጣለች፤ እዚያ ጋ እኔም ከአለቃሽ ጋር ነኝ። ምሳችሁ ላይ ግን ምን አገባት? በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረጉበትን ትእዛዝ ብትጠቅስብሽም አትደንግጪ፣ እሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚመለከተው።

ስለዚህ «ደንቡን በጽሑፍ ስጪኝ» በያት፣ በጨዋ ደንብ። ወረቀት ሲጠየቅ ብዙ ትእዛዝ ይቀዘቅዛል። ካልቀዘቀዘ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ ጽፈሽ ያዢ። መሥሪያ ቤቱ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ለኮሚሽኑ ማመልከት ትችያለሽ፤ ሜሪላንድ ውስጥ 300 ቀን አለሽ፣ ክፍያም የለውም። በማመልከትሽ መበቀል ክልክል ነው። ክልክል ነው ማለት አይደረግም ማለት አይደለም፣ ለዚህ ነው ጻፊ የምልሽ።

ጓደኛሽን አብረን እንሂድ በያት፣ የተከለከላችሁት ሁለታችሁም ናችሁ። እምቢ ካለች ግን አትጫኛት፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ፍርሃቱ ሌላ ነው። ስሟንም ምስክር ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂያት።