ለአማካይ ተጫዋቾችና ለነገ አሰልጣኞች

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በመንዝ ሜዳዎች ለምትጫወቱ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህ ደብዳቤ ለአጥቂና ለበረኛ አይደለም፤ እነሱ ተራቸውን ይጠብቁ። መሀል ላይ እየተጫወታችሁ አንድ ቀን ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ለማንጠልጠል ለምታስቡት ነው። የአማካይ ጉልበት ሠላሳን ሲያልፍ ይቀንሳል፤ ዓይኑ ግን ከዓመት ዓመት ይስላል። ማሰልጠን የሚቆመው በዚያው ዓይን ላይ ስለሆነ፣ ገና በጫማ ሳላችሁ ሥራ ስጡት።

ጥሩ አማካይ ኳሷ እግሩ ሥር ሳትደርስ ዙሪያውን አይቶ ጨርሷል። ይህን ተሰጥኦ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ በልምምድ ይመጣል። ሦስት ሆናችሁ በአንድ መስመር ቁሙ፤ በየመካከላችሁ 10 ሜትር ይሁን። አንደኛው ዳር ያለው ለመሀለኛው ያቀብላል። ከመሀለኛው ጀርባ የቆመው፣ ኳሷ መንገድ ላይ ሳለች ጣቱን ያነሳል፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት። መሀለኛው ኳሷን ሳይነካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገርና ዞሮ ለኋለኛው ይሰጣል። በየሦስት ደቂቃው ቦታ ተለዋወጡ። የሚበላሸው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ዘግይቶ ይዞራል፣ ኳሷ ስትደርስ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱን መታ ታመልጠዋለች። ሁለት ጊዜ ማየት ይለመድ፤ አንዴ አቀባዩ ለመምታት እግሩን ሲያነሳ፣ ሁለተኛ ኳሷ ግማሽ መንገድ ላይ ስትሆን። የመጨረሻዋ ሦስት ሜትር የኳሷ ብቻ ናት። ሜዳችን ጎርበጥባጣ ስለሆነ እዚያች ላይ ዓይን ያነሳ ሰው ይቀጣል። አቋቋማችሁም በጎን ይሁን፤ ደረቱን ለአቀባዩ ሰጥቶ የቆመ አማካይ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። በጎን ቆሞ፣ ከአቀባዩ በራቀው እግሩ ውስጠኛ ጎን የተቀበለ ግን በአንድ ንክኪ ፊቱን ወደ ግብ አዙሯል።

የኛ አገር አቀማመጥ የራሱ ትምህርት አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን ተሻግራችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 1,300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ኳስ ብዙም ሳይገታ ይሄዳል፣ ብዙም አይታጠፍም። ቆላ ላይ በዚያው ልክ የተመታው አጥሮ ይወድቅና የተጋጣሚ ተከላካይ ይቀድመዋል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ የሚጫወት አማካይ ከማሟሟቂያው ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ለ30 እና ለ40 ሜትር ኳስ ይስጥ፤ እግሩ ልኩን ያስተካክላል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ቡድን ደግሞ ጣጣው ከትንፋሽ ነው፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በየኳሱ የሚሮጥ ስምንት ቁጥር (በሁለቱ ሳጥኖች መካከል የሚመላለሰው አማካይ) ከእረፍት በኋላ ሜዳው ላይ የለም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት የምትለማመዱ ከሆነ ሁለት ነገር አትርሱ። ሙቅ ክፍል ውስጥ የተነፋች ኳስ ብርድ ሲነካት ትለሰልሳለች፤ ደንቡ ከ0.6 እስከ 1.1 የከባቢ አየር ግፊት ይላልና ሜዳ ላይ ለኩት፣ መለኪያ ከሌለ በአውራ ጣት ተጭናችሁ እዩ። ሌላው ጭን ነው፤ ብርድ ላይ በአምስት ደቂቃ ሶምሶማ ብቻ ወደ ሙሉ ፍጥነት የሚገባ ሰው የኋላ ጭኑን ይበጥሳል። የፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ከኮንና ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። በጾም ጊዜ ደግሞ ከባዱ ሩጫ ጠዋት አይሁን፤ የሚጾም ልጅ ከፈታ በኋላ ቢሠራ ይሻላል። በሶና ምስር ያለበት ቤት ለዚህ አይቸገርም።

ስለ ውል አጭር ልበል፤ በቃል የሚፈርም ተጫዋች ዛሬም አለና። በፊፋ ደንብ ውል ቢበዛ አምስት ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሦስት ዓመት ነው። ያለአግባብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ ቢያንስ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችልም ይደነግጋል። በጽሑፍ የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የራሳችሁን ቅጂ ሳትቀበሉ ከቢሮ አትውጡ።

አሁን ወደ ማሰልጠኑ። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድናችን አምበልና አማካይ ነበር፤ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። ከውጭ የስፔኑን አማካይ ዣቢ አሎንሶን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጫማውን ሰቀለ፣ ከዚያ ከ14 ዓመት በታች ልጆችን፣ ቀጥሎም የሪያል ሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ሦስት የውድድር ዘመን አሰልጥኖ ነው በ2022 የጀርመኑ ክለብ ሌቨርኩሰን የደረሰው። የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው ከሕፃናት ከጀመረ፣ እኛ አገር ከዋናው ቡድን ወንበር ካልሆነ አልቀመጥም የሚለው ኩራት ከየት መጣ? የካፍ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ የአሰልጣኝነት ፈቃድም መሰላል ነው፤ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ፕሮ። ኮርሱ በፌዴሬሽን በኩል ስለሚወጣ እየተጫወታችሁም ጠይቁ። እስከዚያ አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ከልምምድ በኋላ የሜዳውን ስፋት፣ የተጫዋቹን ቁጥር፣ አሰልጣኙ ለምን እንዳስቆመ ጻፉ። ያልተጻፈ ልምምድ በሳምንቱ ተረስቷል።

የመጀመሪያ ክፍላችሁ 16 ልጆች ቢሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ13 በታች፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። 10 ደቂቃ ከኳስ ጋር ማሟሟቅ፤ ኳስ ካነሰ ለሁለት አንድ። ከዚያ በአራት ምድብ ተከፍለው ሦስት ለአንድ (ሦስቱ ይቀባበላሉ፣ አንዱ መሀል ሆኖ ይነጥቃል)፣ 8 በ8 ሜትር ሳጥን ውስጥ፣ 20 ደቂቃ። ቀሪው ግጥሚያ ነው፤ የመጡት ለእሱ ነውና አትንኩባቸው። ሳጥኑ ሲጠብ ኳሷ በሁለተኛው ቅብብል ትነጠቃለች፣ ሲሰፋ መሀል ያለው ልጅ ተስፋ ቆርጦ መሮጥ ያቆማል። ሦስት ቅብብል ካልሞላ አንድ ሜትር አስፉ፤ ስምንት በቀላሉ ካለፈ አንድ ሜትር አጥብቡ። ኮኑን የምታነሱት እናንተ ናችሁ፤ ልጆቹን አትቆጡ።

አዲስ አሰልጣኝ፣ በተለይ ጥሩ ተጫዋች የነበረ፣ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ ይገባል። ልጆቹ ያጨበጭቡለታል፣ አንድም ነገር አይማሩም። ስታስቆሙ ንግግራችሁ ከ20 ሰከንድ አይለፍ፤ «እንደዚህ አድርግ» ከማለት «ኳሷ ስትመጣ ከጀርባህ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣ አላየም ማለት ነው፤ ሥራችሁ እዚያ ነው። አማካይ የነበረ አሰልጣኝ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ሕመም አለበት፦ ልምምዱን ሁሉ መሀል ለመሀል ያደርገውና በረኛው ብቻውን ግድግዳ ሲመታ ይውላል። ከቀድሞ በረኞች አንዱን ለምኑ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይምጣላችሁ።

በግጥሚያ ቀን ከመስመሩ ጠርዝ ላይ ኳሷን ተከትላችሁ አትሩጡ። ከፍ ያለ አፈር ካለ እዚያ ቁሙና ለአሥር ደቂቃ ኳሷን ትታችሁ በተከላካዩና በአማካዩ መስመር መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ እዩ። ከ15 ሜትር በላይ እየተከፈተ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስድስት ቁጥሩ፣ ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ፣ አይደለም፤ ተከላካዮቹ ፈርተው ወደ ኋላ እየሸሹ ነው።

ትናንት አብሯችሁ የተጫወተውን ጓደኛ ከአሰላለፍ የምታስወጡበት ቀንም ይመጣል። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት በዋዜማው ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት፤ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምን ቢያስተካክል እንደሚመለስ በሌላ። በስልክ መልእክት አይላክም፤ በሌላ ተጫዋች አፍም አይነገርም።