ልጄ ሌሊቱን አያስተኛኝም

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የስድስት ዓመት ልጄን ለሦስተኛ ጊዜ አባብዬ ካስተኛሁት በኋላ ነው። ካለፉት ስምንት ወራት ውስጥ አንድም ሌሊት ሳልነቃ ያደርኩበትን አላስታውስም። ባለቤቴ ጠዋት ሥራ አለብኝ ብሎ ትራሱን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ከገባ ቆይቷል። እኔም ጠዋት ሥራ አለብኝ፤ ይህን ግን የሚያነሣልኝ የለም። «ያቀበጥሽው አንቺ ነሽ፤ ሲጠራሽ ባትሄጂ ኖሮ ይተው ነበር» ይለኛል፤ እናቱም በዚሁ ትስማማለች።

ልጁ ማታ በሰዓቱ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ግን ሲገላበጥ ያድራል፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ በላብ ተነክሮ አገኘዋለሁ። እንደ አባቱ ስለሚያንኮራፋም «ትንሹ ሽማግሌ» እያልን እንስቅበታለን። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ሳለ አሁን እንደገና ጀምሯል። ጠዋት መቀስቀሱ ጭንቅ ነው። አስተማሪውም «አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ትምህርት አይከታተልም» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠርታኛለች፤ ባለቤቴ ይህንንም የእኔ አስተዳደግ ውጤት አድርጎታል።

ባለፈው ሳምንት አልጋውን አርጥቦ ሳገኘው በጥፊ መታሁት። እንቅልፍ በሞላው ዐይኑ አየኝና «እማዬ፣ እኔ እኮ ተኝቼ ነበር» አለኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለራሴ ጠፍቻለሁ። አንዲት ዘመዴ እንቅልፍ የሚያመጣውን የጉንፋን ሽሮፕ ማታ ማታ ጥቂት ብሰጠው እንደሚተኛልኝ ነግራኛለች። ጠርሙሱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ብሰጠው ምን አለበት?

የደከማት እናት

መልስ

እህቴ፣

ሽሮፑን አይስጡት። ምክንያቱ እርስዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት፣ ቤተሰቡም የሚስቅበት ማንኮራፋት ነው።

ጉንፋን ሳይዘው አዘውትሮ የሚያንኮራፋ ልጅ በሐኪም መታየት አለበት። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ በተለይ ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ቶንሲልና ከአፍንጫ በስተጀርባ ያለው አዴኖይድ ከጉሮሮው ስፋት አንጻር ትልቅ ስለሚሆኑ፣ የአየር መተላለፊያው ሊጠብብ፣ አልፎ አልፎም ፈጽሞ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ አንጎል ልጁን ለአፍታ ቀስቅሶ እንዲተነፍስ ያደርገዋል፤ ይህም በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይደርሳል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ አገኘዋለሁ ብለዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በእንቅልፍ ልቡ የራሱን ጉሮሮ ለመክፈት የሚታገል ሊሆን ይችላል። ላቡም ከዚህ ትግል ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ የሚያስተኙ መድኃኒቶች ደግሞ ልጁን ነቅቶ እንዲተነፍስ የሚያደርገውን ይህንኑ መባነን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ አንዳንዱን ልጅም በተቃራኒው ያቅበጠብጡታል።

በ1976 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ክርስቲያን ጊልሚኖና ባልደረቦቹ በእንቅልፍ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ስምንት ሕፃናትን ሁኔታ በጽሑፍ ሲያወጡ፣ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች መካከል የትምህርት ውጤት መቀነስ፣ የቀን ጠባይ መለወጥና እንደ አዲስ የጀመረ አልጋ ላይ መሽናት ነበሩ። አስተማሪዋ ያየችውና እርስዎ ሌሊት የሚያዩት አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው ያንቀላፋል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል። ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ባለጌ ተብሎ እንደተቀጣ ሳስብ እናደዳለሁ።

ችግሩ ይህ ሆኖ ከተገኘ ሕክምና አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመና ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆኑ 464 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት፣ ቶንሲልና አዴኖይዳቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው 79 በመቶው፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ክትትል ከተደረገላቸው ደግሞ 46 በመቶው ከሰባት ወር በኋላ የእንቅልፍ ምርመራ ውጤታቸው ተስተካክሏል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ለሁሉም ልጅ የግድ አይደለም፤ የሚወስኑት የሕፃናት ሐኪምና የአንገት በላይ ሐኪም ናቸው።

ስለ ጥፊው ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁት። እውነቱን ነው የነገረዎት፤ ተኝቶ ነበር። አንሶላውን ያለ ወቀሳ ይቀይሩለት። ለራስዎም ይራሩ፤ ስምንት ወር ሙሉ ያለ እንቅልፍ ያደረ ሰው ትዕግሥቱ ቢያልቅ አይደንቅም።

ባለቤትዎ ግን ትራሳቸውን ይዘው ከወጡበት ክፍል ሆነው ያላዩትን ሌሊት ይፈርዱበታል፤ ይህ ፍርድ አይደለም። ዛሬ ወደ ንጋት ግድም፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ በሚበረታበት ሰዓት፣ ልጁ አልጋ አጠገብ እርሳቸው ይቀመጡ፤ እርስዎ ይተኙ። ድምፁን ያዳምጡ፣ ደረቱንም ይመልከቱ፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ደረቱ እየታገለ አየር ሳይገባ ቆይቶ፣ ከዚያ በሲቃ ከተነፈሰ በስልካቸው ይቅረጹት። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ነቅቶም ቢሆን መተንፈስ ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ምንም ባይቀረጽ እንኳ ምርመራው አይቅር። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ባለቤትዎ አብረው ይምጡና ያዩትን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ።