ያለ ኤቲፒ አይተሽዋል?

ለምትጽፉልኝ ልጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በሳምንት ሁለት ሦስት ኢሜይል ይደርሰኛል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ፣ አንዳንዴም እዚሁ አሜሪካ ተወልደው አማርኛውን ከእናታቸው ጓዳ ከለመዱ ልጆች። ጥያቄያችሁ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? የትኛው ርዕስ ያዋጣል? እስካሁን በሁለት መስመር እየመለስኩ ሸኝቻችኋለሁ። ጡረታዬ ስለተቃረበ አሁን ጊዜ አለኝ፤ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ሥራውን ለማታውቁት። የማጠናው ሞተር ፕሮቲኖችን ነው፤ በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚጎትቱትን። ከወገባችሁ አካባቢ ተነስቶ እግር ጣት የሚደርስ አንድ የነርቭ ሕዋስ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፕሮቲኑ በአብዛኛው የሚሠራው ግን ላይ፣ ኒውክለሱ ያለበት ቦታ ነው። እንዲሁ እየተንሳፈፈ ጣት ይድረስ ብለን ብንተወው ከሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ተጭኖ ይሄዳል። ማይክሮቱቡል የሚባል 25 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ኪኔሲን የሚባለው ፕሮቲን ጭነቱን ወደ ጫፍ፣ ዳይኒን የሚባለው ደግሞ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ስለሚሄድ በሦስት ቀን ጣት ይገባል። ኪኔሲን በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይሄዳል፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ሞለኪውል ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋሱን ነዳጅ፣ ይበላል። ይህን ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ በየእርምጃው ይከፈለዋላ!" አለችኝ። ከእሷ የተሻለ ማጠቃለያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። (በኢንተርኔት የሚዘዋወረውን፣ ኪኔሲን እንደ ሽማግሌ ተረጋግቶ ሲራመድ የሚያሳየውን አኒሜሽን ብዙ አትመኑት። እውነተኛው በውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየተደበደበ ነው የሚሄደው፤ መቶ ያህል እርምጃ ከተራመደ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከሐዲዱ ይወድቃል።)

አሁን ወደ እኔ ጥፋት።

የፒኤችዲ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፦ ስላይድ ላይ በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ፕላስተር በሁለት መስመር ትለጥፋላችሁ፣ ከላይ ስስ መስታወት ትከድናላችሁ፣ መሃል ላይ አሥር ማይክሮሊትር ያህል የሚይዝ ቀጭን ቦይ ይፈጠራል። ኪኔሲኑን ታፈሱበታላችሁ፤ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም የተነከሩትን ማይክሮቱቡሎች፣ ቀጥሎ ኤቲፒ። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ክሮቹ እንደ እባብ መስታወቱ ላይ ይሳባሉ። እኔ አንዲት አሚኖ አሲድ የቀየርኩበት ኪኔሲን ነበረኝ፤ ሞቷል ብለን የጠበቅነው። አልሞተም! ቀስ እያለ ይሄዳል። ስምንት ወር ሙሉ ፍጥነቱን ለካሁ፣ ግራፍ ሠራሁ፣ ለስብሰባ ፖስተር አሳተምኩ።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት፣ ፕሮቲን የምታጣራልን አንዲት አንጋፋ ቴክኒሻን ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየችና "ያለ ኤቲፒ አይተሽዋል?" አለችኝ። አላየሁትም። ለጤነኛው ኪኔሲን አይቼ ነበር፤ ለዚህኛው "ያው ነው" ብዬ ዘልዬዋለሁ። እዚያው ሠራነው። ክሮቹ ያለ ነዳጅም በዚያው ፍጥነት ይሄዳሉ። የቦዩ አንድ ጫፍ ክፍት ስለነበረ ፈሳሹ እየተነነ ወደዚያ ይሳባል፤ በደንብ ያልተያዙት ክሮችም ጎርፉን ተከትለው ይንሳፈፋሉ። ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር። ሞተር ሲነዳቸው ክሮች ወደየአቅጣጫው ነው የሚሄዱት፤ የእኔዎቹ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይነጉዱ ነበር። ጠርዙን በጥፍር ቀለም መድፈን ይበቃ ነበር። የፖስተሩ ጀርባ ላይ ልጄ በኋላ ዝሆን ሣለችበት።

ብዙዎቻችሁ ኮንትሮል (እንደዚያ ያለ ኤቲፒ ሙከራ ያለ ማነጻጸሪያ) ሲባል ገምጋሚ እንዳይቆጣ የሚከፈል ግብር ይመስላችኋል። የዚህ ሙያ ልደት ግን ከእንዲህ ያለው መስታወት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክል ሺትዝ እና ጄምስ ስፑዲች ማዮሲን (ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ፕሮቲን) የተቀቡ ጥቃቅን ዶቃዎች በአልጌ ሕዋስ አክቲን፣ ማለትም በማዮሲን ሐዲድ፣ ላይ ሲሄዱ አሳዩ። ያን ጊዜ ስታንፎርድ ተማሪ የነበረው ሮናልድ ቬል፣ በነርቭ ውስጥ ጭነት የሚጎትተውም ማዮሲን ይሆን ብሎ ጠየቀ። ለዚህ የስኩዊድ ነርቭ ያስፈልጋል፤ በዓይን እስኪታይ ድረስ ወፍራም ነውና። በዚያ ዓመት ግን በኤል ኒኞ ምክንያት ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ስኩዊድ ጠፋ። (እኛ አገር ኤል ኒኞ ሲባል የሚታወሰን ድርቅ ነው፤ እነሱን ደግሞ ከአገሩ ጫፍ ወደ ጫፍ አሰደዳቸው።) ቬልና ሺትዝ ማሳቹሴትስ፣ ዉድስ ሆል ከሚገኘው የባሕር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ገቡ። እዚያ ከቶማስ ሪስ እና ከብሩስ ሽናፕ ጋር ሲሠሩ ሐዲዱ ማይክሮቱቡል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ደግሞ፣ ጭነቱ ተለይቶ የወጣለትን የነርቭ ፈሳሽ መስታወት ላይ ሲያደርጉት፣ የሚጎተት ዕቃ ሳይኖር ማይክሮቱቡሎቹ ራሳቸው መሳብ ጀመሩ። ሞተሩ ለካ ፈሳሹ ውስጥ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሐዲዱን ይገፋል። በ1985 ፕሮቲኑን አጥርተው ኪኔሲን አሉት፤ በ2012 ሺትዝ፣ ስፑዲች እና ቬል በሕክምና ምርምር ትልቅ የሚባለውን የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ።

ያን መስታወት "ቆሽሿል" ብሎ አጥቦ መጣል ይቻል ነበር። የእነሱም ክሮች ሳይታሰብ ሄዱ፣ የእኔም ሄዱ። እነሱ አንድ አንድ ነገር እየቀነሱ መቼ እንደሚቆም ፈተኑ፤ እኔ መሄዱን አይቼ ደስ አለኝ።

ርዕሱን በተመለከተ፣ "ይህ ነገር ተሠርቶ አላለቀም ወይ?" የምትሉኝ አላችሁ። ዳይኒንን ተመልከቱ። ከአንጎል ተጣርቶ የታወቀው በ1987 ነው፤ ነጠላ ሞለኪውሉ ግን ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ በቅጡ አይራመድም ነበር። በ2014 ሁለት ቡድኖች ዳይናክቲን የሚባል ፕሮቲንና አንድ አገናኝ ፕሮቲን ሲጨመሩለት ረጅም መንገድ እንደሚሄድ አሳዩ። 27 ዓመት! ከዚህ ስለ ወዳጅነት ስብከት ማውጣት ለሚወድ ትቼለታለሁ። እኔ የምላችሁ፣ ያጣራችሁት ፕሮቲን አልሠራ ሲላችሁ፣ በማጣራት ላይ ሳላችሁ የደፋችሁትን ጠርጥሩ። ወደ ሕክምናው ካዘነበላችሁ ደግሞ፣ የልብ ጡንቻን ማዮሲን የሚያረጋጋው ማቫካምተን የተባለ መድኃኒት በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

አገር ቤት ላላችሁ ሌላ ነገር ልጨምር። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከተነከሰው ቦታ ነርቭ ውስጥ ገብቶ፣ በዳይኒን ተሳፍሮ ነው ወደ አንጎል የሚወጣው። እግሩን የተነከሰ ሰው ለሳምንታት ወይም ለወራት ደህና መስሎ መቆየቱ፣ ፊቱን የተነከሰ ሕፃን ጊዜ ማጣቱ፣ አንዱ ምክንያት የመንገዱ ርዝመት ነው። (ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።) የእኛ ሰፈር ውሾችና የስኩዊዱ ነርቭ አንድ ሐዲድ ላይ ይገናኛሉ።

ገንዘቡን በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ በባዮሎጂ ፒኤችዲ የሚማር ሰው በአብዛኛው ትምህርቱ ተከፍሎለት ለኑሮው አበል ይሰጠዋል፤ ጀርመን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሥራ ውል ነው። ለፒኤችዲ ብሎ ቤት ሊሸጥላችሁ የተነሳ ዘመድ ካለ አስቁሙት። ላብ ስትመርጡ ከኃላፊው ይልቅ ከዚያ የወጡ ተማሪዎችን አናግሩ፤ ስንት ዓመት ፈጀባችሁ፣ አሁን የት ናችሁ በሏቸው። አብዛኞቹ ፕሮፌሰር አይደሉም፤ ኩባንያ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ መረጃ ትንተና ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ለቤተሰባችሁም ከአሁኑ ብትነግሩ ይሻላል፤ "መቼ ነው ፕሮፌሰር የምትሆነው?" የሚለውን ጥያቄ በየበዓሉ ከመመለስ ትድናላችሁ።

"እዚህ ማይክሮስኮፕ የለንም" ለምትሉኝ፣ እውነታችሁን ነው፤ አላቃልለውም። ግን ቪዲዮ የሚለካው ኢሜጅጄ የሚባል ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በባዮአርካይቭ ድረ ገጽ የሚወጡ የምርምር ጽሑፎች ነፃ ናቸው፤ የፕሮቲኖቹ ቅርጽም በፕሮቲን ዳታ ባንክ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ጽሑፍ ወስዳችሁ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። ከሃምሳ ላብ "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብላችሁ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከምትልኩ፣ ለአንዱ አንዲት ጥያቄ ላኩ።

ባለፈው ሰኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ አገር ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስለ ዩኒቨርሲቲ አልጠየቀችኝም፤ ሲቪም አላያያዘችም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካወጣነው ጽሑፍ ጋር የተያያዘውን ቪዲዮ በስልኳ አውርዳ አይታዋለች። "ኤቲፒ በሌለበት ቦይ፣ ከላይ በስተግራ፣ ሁለት ክሮች ትንሽ ተንቀሳቅሰዋል፤ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ። ለምንድን ነው?" ትላለች።

ከፍቼ አየሁት። ሁለት ናቸው። በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ጎርፍ ነው ብዬ መገላገልም አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ያልታረመ ፋይል ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ፈልጌ ላክሁላት፤ እሷ በኢሜጅጄ እየለካች ነው፤ እኔ በዚህ ሳምንት ያንኑ ቦይ እንደገና እሠራለሁ።