ስለ እንግሊዝኛው «ፋይን» (fine) ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ አለቃሽ «ፋይን» ሲልሽ ተቆጥቶ ይሁን ተስማምቶ እንደማይለይልሽ ጽፈሻል። ምሳ ሲያቀርቡልሽ «አይም ፋይን» ብለሽ ሳህኑ እንደተመለሰም አንብቤያለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አገር ቤት መምህሩ «ሃው አር ዩ?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ «አይ አም ፋይን፣ ሳንክ ዩ ቲቸር» እያለ ነው ያደገው፤ ቃሉ ከ«ደህና» ሌላ ሥራ እንዳለው የነገረን የለም።

1. ምግብ፣ መጠጥ ወይም እርዳታ ሲቀርብልሽ «አይም ፋይን» ካልሽ «ይቅርብኝ» ማለትሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ኧረ በሞቴ!» ብሎ ደግሞ የሚለምን የለም፤ አንዴ ካልሽ አበቃ። ከፈለግሽ «የስ፣ ፕሊስ» በይ።

2. ሥራ ቦታ ላይ ከቃሉ ጋር ምን እንደተባለ ስሚ። ቅዳሜ ልቅር ብለሽው «ዛትስ ፋይን» ካለ ፈቅዷል፣ ቅሪ። የሠራሽውን አይቶ «ኢትስ ፋይን» ካለ ግን ወዶታል ማለት አይደለም፤ «አይከፋም፣ ይለፍ» ነው። የወደደ አለቃ «ግሬት» ወይም «ፐርፌክት» ይላል። ድምፁን ጣል አድርጎ «ፋይን» ብቻ ካለ፣ ወይም በቴክስት ከነነጥቡ ከላከው፣ ብዙውን ጊዜ ሳይወድ ነው የተስማማው። አንቺም ስትመልሺለት ብቻውን አትላኪው፤ «ሳውንድስ ጉድ» ይሻላል።

3. ሐኪም ቤት። ሌላውን ብትረሺ ይህን ያዢ። ነርሷ በር ላይ ጠርታሽ «ሃው አር ዩ?» ስትል «ፋይን» ብትይ ሰላምታ ነው፣ ችግር የለውም። ገብተሽ ተቀምጠሽ፣ ኮምፒውተሩን ከፍታ «ሃው አር ዩ ፊሊንግ?» ስትል ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኛ ታመንም «ደህና፣ ተመስገን» ብለን ነው ቀስ እያልን ወደ ሕመማችን የምንገባው። እዚያ ግን ያቺ «ፋይን» መዝገብሽ ላይ ትሰፍራለች፣ ቀጠሮው አጭር ነው፣ ዋናው ነገር ሳይነሣ ትወጫለሽ። ስለዚህ ያመመሽን መጀመሪያ ተናገሪ፦ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲያገኘው እንደሚብስ፣ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደምትሰጪው። ለሚወጋ «ሻርፕ»፣ ለሚያቃጥል «በርኒንግ»፣ ለሚጠዘጥዝ «ስሮቢንግ» በይ።

ካልሆነልሽ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊስ» በይ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግዳ ተቀባይዋ ፊቷን ብታጠቁርም፣ «ልጅሽ ታስተርጉምልሽ» ብትልም አትቀበይ፤ ልጅ የመድኃኒትና የበሽታ ቃል አያውቅም። ዋሺንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላላት በከተማዋ መሥሪያ ቤቶችም አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

የምርመራ ውጤት ሲነገርሽም በቃሉ አትርኪ፣ ቁጥሩን ጠይቂ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጋሽ ነው ማለት ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ በድጋሚ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። 118 የሆነባት ሴትም «ፋይን» ልትባል ትችላለች፣ ዛሬ መድኃኒት አያስፈልጋትም ለማለት።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መኪና ሲጋጭ የምትባለው «ፋይን» ናት። ፖሊሱ «አር ዩ ኦኬ?» ሲል በድንጋጤ «አይም ፋይን» እንዳትይ። የአንገት ሕመም ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ያኔ የሌላኛው ሾፌር ኢንሹራንስ ያቺን ቃል ከሪፖርቱ ውስጥ መዝዞ «ደህና ነኝ ብለሽ አልነበረም ወይ?» ይልሻል። ደውለው በለሰለሰ ድምፅ «ሃው አር ዩ ቱዴይ?» ሲሉሽም ንግግሩ ሊቀዳ እንደሚችል አትርሺ። የእኛ ሰው በጨዋነት የመለሳት አንዲት ቃል የሕክምና ወጪውን ስታስቀርበት ማየት ያሳዝናል። «አይ ዶንት ኖው ዬት፤ አይ ኒድ ቱ ሲ ኤ ዶክተር» በይ፣ በቂ ነው፤ ከዚያም ሳትውዪ ሳታድሪ ታይ።

ሌላው ትርጉሙ ቀጭን ወይም ደቃቅ ነው። ፀጉር ቤት «ፋይን ሄር» ሲሉሽ የእያንዳንዱ ፀጉር ቅጥነት ነው እንጂ ሳስቷል ማለታቸው አይደለም። መንገድ ዳር ከዶላር ቁጥር ጋር ተጽፎ ካየሽው ግን ቅጣት ነው።

«ፋይን ፕሪንት» የሚባለው ደግሞ በውል ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ሶፋ ወይም ስልክ በሱቁ የዱቤ ካርድ ስትገዢ «በ12 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለውም» የሚል ካለበት፣ ጊዜው ሲያልፍ ጥቂት ዶላር እንኳ ቢቀርብሽ ወለዱ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ተሰልቶ ይመጣብሻል። ቢሉ ላይ «ሚኒመም ፔይመንት» ተብሎ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ዕዳውን በ12 ወር አይጨርስም። ጠቅላላ ዋጋውን ለ11 አካፍይና የደረሰውን በየወሩ ክፈይ።