ዝቋላ፦ ከአዳማ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ይቻላል፤ ዝቋላ ሂድ። በመጋቢት፣ ከአዳማ በአንድ ቀን ተመልሰህ፣ ሰው የማይበዛበት የተራራ ሐይቅ ማየት ነው የፈለግኸው፤ ከሱ የተሻለ አላውቅም። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ሐይቁ ያለው አናቱ ላይ፣ የድሮው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው።

ቀኑን ግን ምረጥ። መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ስለሆነ ተራራው በምእመናን ይጥለቀለቃል። ጸጥታ ከፈለግህ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ያውም በሥራ ቀን ውጣ።

1. ሳይነጋ ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ።
2. ከቢሾፍቱ ተራራው ግርጌ እስካለችው ወንበር ማርያም በመኪና።
3. ከዚያ በእግር። ዳገቱ እንደ ጉልበትህ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የመጋቢት ፀሐይ አይምርም፤ ደህና ጥላ የምታገኘው ላይ የጽድ ደኑ ውስጥ ስትገባ ነው። ውኃህን ከታች ያዝ።

ቦታው ገዳም ነው፤ ሐይቁም የተቀደሰ ስለሆነ ዋና የሚባል ነገር አታስብ። ቁምጣም ይቅር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነውና ስንቅህ በሶና ቆሎ ቢሆን ይመረጣል፤ እዚያ ሥጋ መብላት ነውር ነው (ለዳገትም ቢሆን በሶን የሚያክል የለም)።

ከልምድ የምነግርህ አንድ ነገር መመለሻውን ነው። ከሰዓት በኋላ ከወንበር ማርያም መኪና ይሳሳል። ወይ ሾፌሩን ጠዋት ደርሶ መልስ ተዋዋለው፣ ወይ ቢዘገይ 8 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምር።