ዳክዬዎቼ ኩሬው ውስጥ አልገባ አሉ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አምስት ወር የሞላቸው 6 ዳክዬዎች አሉሽ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ ያለቀ፣ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ፣ 80 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ አሠርተሽላቸዋል። ዳር ዳሩን እየዞሩ ይጮሃሉ እንጂ አይገቡም። ተገፍተው ሲገቡ ደግሞ ሁለቱ እንደ ጨርቅ ርሰው፣ እየተንቀጠቀጡ ወጡ። በዚያ ላይ ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለቻቸው የ10 ቀን የዳክዬ ጫጩቶች አሉ።

ከላይ «ተፈጥሮዋ ነው፣ ወርውሪያት፣ ራሷ ትዋኛለች» ያሉሽን አትስሚ። መዋኘቱን ማንም አያስተምራትም፣ እሱ እውነት ነው። የምትፈራው ግን ዋናውን ሳይሆን መውጫ የሌለውን ጉድጓድ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያዳልጥ ሲሆን ዳክዬዋ እግሯን የምታሳርፍበት ታጣለች፤ ላባዋ ውሃ ካስገባ ደግሞ ደክማ እስከ መስጠም ትደርሳለች። አንዴ ከተወረወረች በኋላ ኩሬውንም የወረወራትንም ሰው ስለምትሸሽ፣ አሁን ሥራሽ ከዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ኩሬውን አስተካክዪ። 80 ሳንቲ ለስድስት ዳክዬ ምንም አያደርግም፤ 40 ሳንቲ ይበቃቸዋል። የታችኛውን ግማሽ በድንጋይና በጠጠር ሙሊበትና ከላይ በስሱ ይለሰን። ከመለሰኑ በፊት ግን ወለሉ ላይ ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ያዘነበለ፣ መዝጊያ ያለው ባለ 2 ኢንች የማፍሰሻ ቱቦ አስቀብሪ። በግማሽ ኢንች ቱቦ ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው በሁለተኛው ሳምንት በላባና በጭቃ የተደፈነ ቱቦ በሽቦ ሲጎረጉር ይውላል።

ቀጥሎ መወጣጫው። ልኩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ከፍታ ቢያንስ 25 ሳንቲ ርዝመት። ከወለሉ እስከ አፉ 40 ሳንቲ ከሆነ መወጣጫሽ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስፋቱን 50 ሳንቲ አድርጊው፤ ዳክዬ ብቻዋን መሄድ ስለማትወድ ሁለት ጎን ለጎን ይለፉበት። በድንጋይና በሲሚንቶ ከተሠራ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይቧጠጥና ሻካራ ይሁን። በሳንቃ ከሆነ በየ10 ሳንቲው ቀጭን ጣውላ አግድም ይመታበት፣ ወይም ጆንያ ወጥሮ መቸንከር ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ሳንቃ ይንሳፈፋል። ከታች በድንጋይ ካልተጫነ ዳክዬዋ ስትረግጠው ይወዛወዛል፣ እሷም ሁለተኛ አትረግጠውም። የኩሬው አፍ ከመሬት ከፍ ያለ ከሆነም በውጭ በኩል በዚያው ልክ ሌላ መወጣጫ ያስፈልገዋል።

አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ ለሳምንታት ኖራ ስለሚለቅ ውሃው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ውሃ ሞልተሽ 3 ቀን አቆዪውና አፍስሺው፤ ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ ድገሚው፣ በየመሃሉ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጊው። ያን ውሃ አትክልት ላይ አትድፊው። ስታጥቢውም ኦሞም ላርጎም አይንካው። ሳሙና የላባቸውን ቅባት ስለሚያጥበው ሳይረጥብ ይንሳፈፍ የነበረ ወፍ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ያ ሁሉ ሰው «በድንገት መስጠም ጀመሩ» የሚለው ብዙውን ጊዜ የልብስ ማጠቢያ እጣቢ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ነው።

ኩሬው ኖራውን እስኪጨርስ ያለውን ጊዜ ላባቸውን ለማዘጋጀት ተጠቀሚበት። ሁለቱ የረጠቡብሽ ስለታመሙ ላይሆን ይችላል። አምስት ወር ሙሉ ከመጠጫ ዕቃ በቀር ውሃ ያላገኘ ዳክዬ ላባው ውሃ መከላከሉን ያጣል። ከጅራቷ በላይ ሥሩ ላይ የዘይት ዕጢ አለ፤ ዳክዬ ከታጠበች በኋላ በመንቆሯና በጭንቅላቷ ከዚያ እየወሰደች መላ ሰውነቷን ትቀባለች፣ ላባዋንም ክር በክር ታበጥራለች። መታጠቢያ ከሌለ ማበጠሩ ይቀንሳል፤ ጭቃና ኩስ የተለጠፈበት ላባ ደግሞ ቢቀቡትም አይያያዝም። ስለዚህ ትልቅ ሳፋ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ውሃ ሞልተሽ፣ ከጎኑ እንደ ደረጃ ጡብ አስቀምጠሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ2 ወይም 3 ሳምንት ስጫቸው። ማደሪያቸው ደረቅ ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይኑረው። መድረሳቸውን ለማወቅ ጀርባቸው ላይ ውሃ ርጪ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ተዘጋጅተዋል፤ ወደ ውስጥ ከሰረገ ገና ናቸው። ሦስት ሳምንት አልፎም የምትረጥብ ካለች ቅማል እንዳላት ላባዋን ገለጥ አድርገሽ እዪ፣ የዘይት ዕጢዋም አብጦ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪም ይይላት።

ዝርያቸውን አልነገርሽንም። ፊታቸው ላይ ቀይ ጉብጉብ ያለ ሥጋ ያላቸው ሙስኮቪዎች ከሆኑ የዘይት ዕጢያቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ገብተው ቶሎ ይወጣሉ፣ ከዋና ይልቅ ከፍ ያለ ነገር ላይ መቆም ይመርጣሉ። እነሱን «ለምን እንደ ነጮቹ ፔኪኖች አይውሉበትም» ማለት ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ማስገባቱ። በኩሬሽ ስፋት እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ውሃ 300 ሊትር ገደማ፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጀሪካን ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን 10 ሳንቲ ብቻ ሙሊ፤ እግራቸው ወለል ሲነካ ፍርሃቱ ግማሽ ይቀላል። ፀሐይ ያለበትን ቀን ምረጪ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ፣ የጠዋት መኖ ሳይበሉ። ስድስቱም አብረው ይሁኑ። በደንብ የተከተፈ ሰላጣ ወይም ጎመን ውሃው ላይ በትኚ፤ እየተንሳፈፈ ይጠራቸዋል። ሲነከር ያደረ ስንዴ ደግሞ መወጣጫው ላይ ከደረቁ ጫፍ ጀምሮ እስከ ውሃው ድረስ እፍኝ እፍኝ አድርጊ። ዳቦ አይሆንም፤ ይሟሟና ውሃውን ያበላሻል፣ ለእነሱም ምግብ አይደለም። ከዚያ 3 ሜትር ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። 40 ደቂቃ ጠብቀሽ ካልገቡ የዕለት መኗቸውን ስጫቸውና ነገ ድገሚው። መጀመሪያ አንገታቸውን ሰግገው ያያሉ፣ ከዚያ ከዳር ይጠጣሉ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከመካከላቸው ደፋሯ ትገባለች። አንዷ ከገባች ሌሎቹን እሷ ትጨርስልሻለች።

ውሃውን የምትጨምሪው ስድስቱም በራሳቸው ገብተው በራሳቸው ሲወጡ ካየሽ በኋላ ነው፤ በየ2 ወይም 3 ቀኑ 5 ሳንቲ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ላይ እግራቸው ወለሉን ይለቃል። ያኔ ክንፋቸውን እየመቱ፣ እየጠለቁ፣ እንደ እብድ ከዳር ዳር ይሮጣሉ። ደንግጠው አይደለም፣ ደስታ ነው፤ ሮጠሽ እንዳታወጫቸው። የምታወጫት ጅራቷ ወደ ታች የሰመጠውን፣ ሰውነቷ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፈውን ወይም ግድግዳውን በጥፍሯ የምትቧጥጠውን ነው። ስታነሻት እግሯን ይዘሽ እንዳይሆን፤ የዳክዬ እግር እንደ ዶሮ አይችልም። ክንፎቿን ከጎኗ አጥፈሽ፣ ከሆዷ በታች ደግፈሽ ያዣት። ከ9 ሰዓት በኋላ አዲስ ልምምድ አትጀምሪ፤ ሳይደርቁ ብርድ ይመጣባቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆንሽ ጥቅምትን ብትጠብቂ ይሻላል።

ስለ ወንዶቹ ልጠይቅሽ። አምስት ወር ማለት መዳቀል የሚጀምሩበት ዕድሜ ነው፣ የሚዳቀሉትም ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ ነው። ወንዱ ሴቷን አንገቷን ነክሶ ሲጫናት ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ ይገባል። ለ4 ወይም 5 ሴት አንድ ወንድ ሲሆን ችግር የለውም። ከስድስቱ ሦስቱ ወንዶች ከሆኑ ግን ሴቶቹ ተራ በተራ እየተጫኑባቸው ሊሰምጡ ይችላሉ፤ ውሃውን የሚሸሹትም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ በሰላጣ አታባብይውም፤ ወንዶቹን መለየት ብቻ ነው መፍትሔው። ፔኪን ከሆኑ ወንዱን ጅራቱ ላይ ወደ ላይ በተጠቀለለች ላባና በሻካራ ድምፁ ትለይዋለሽ፤ «ቋ ቋ» ብላ ግቢውን የምታናውጠው ሴቷ ናት።

ጫጩቶቹን ለብቻ። ዶሮ የፈለፈለቻቸው ስለሆኑ ውሃ ውስጥ የምትመራቸው፣ ሲበርዳቸው አውጥታ የምታሞቃቸው የዳክዬ እናት የላቸውም፤ እሷ ዳር ቆማ ከመጮህ ሌላ የምታደርገው የለም። የጫጩት ለስላሳ ላባ ቶሎ ይረጥባል፣ የረጠበ ጫጩት ደግሞ በብርድ በደቂቃዎች ይዝላል። አሁን ሳፋ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ለብ ያለ ውሃ፣ 5 ደቂቃ፣ ዓይንሽን ሳትነቅዪ። ከዚያ በፎጣ አድርቀሽ ሙቀት ስር። በአራተኛው ሳምንት 10 ሳንቲና 15 ደቂቃ ይደርሳሉ። ኩሬውን የሚያዩት የደረት ላባቸው ሲሞላ ነው፤ ፔኪን ከሆኑ ከ7 እስከ 8 ሳምንት፣ ሙስኮቪ ከሆኑ ከዚያ ዘግይቶ። እስከዚያ መጠጫቸው ውስጥ ጠጠር ጨምሪበት፤ ጥልቅ መጠጫ ውስጥ የሚሰጥም ጫጩት ብዙ ነው።

ውሃው በ3 ወይም በ4 ቀን አተላ ይመስላል፤ አይግረምሽ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ 40 ሳንቲ ሞልተሽ ሳምንት ከማቆየት 20 ሳንቲ ሞልተሽ በሳምንት ሁለቴ መቀየር ይሻላል። በሙቀት ጊዜ የቆመና የበሰበሰ ነገር ያለበት ውሃ አንገታቸውን እስከማልፈስፈስ የሚያደርስ መርዝ ያመጣባቸዋል። የሞተ አይጥ ወይም ወፍ ካየሽ ያኑ ዕለት አውጪ። የሚፈሰውን ለሙዝና ለጎመን ስጪው፤ ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሁን።

ግቢሽ ውስጥ ድክ ድክ የሚል ልጅ ካለ 20 ሳንቲ ውሃም ለእሱ አደጋ ነው፤ ሰው ከሌለ ኩሬው ላይ ከብረት ፍርግርግ የተሠራ ክዳን ይኑር። በይ እንግዲህ የወንዶቹን ቁጥርና ዝርያቸውን ጻፊልን፣ የመወጣጫውንም ፎቶ ሳይለሰን በፊት ላኪው።